ሙሉ እንጨት ወይስ ኮምፔንሳቶ? ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለባቲ የጊታር ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ መንገደኛውን ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሚያወርደው፣ ጠዋት ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ ይይዛል። ጉዞውን ወደ ባቲ ከቀጠለ ደግሞ ከአፋር ቆላ አፋፍ ላይ ይደርሳል። ጊታር ግን የሚያወልቀው ጋቢ የለውም፤ የአየሩን ለውጥ የሚቀበለው በእንጨቱ ነው። ስለዚህ በወሎ ጊታር የሚገዛ ሰው ስለ ዋጋውና ስለ መልኩ ከመጠየቁ በፊት፣ መሣሪያው የት እንደሚቀመጥና ምን ያህል እንደሚጓዝ ቢያስብ ይሻለዋል።

ነገሩ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። የመሰንቆ ቆዳ በክረምት ሲላላ ድምፁ ስለሚታፈን፣ አዝማሪው ፀሐይ ወይም እሳት አሳይቶ ይወጥረዋል። የጊታር ፊትም፣ ማለትም የድምፅ ቀዳዳው ያለበት የፊት ሰሌዳ፣ እንደዚሁ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ይደርቃል፤ ልዩነቱ ለውጡ ቀናትን የሚወስድ መሆኑና ጊታር ፈጽሞ ወደ እሳት መቅረብ የሌለበት መሆኑ ነው።

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በይበልጥ የሚሰፋው በወርዱ እንጂ በቁመቱ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ደሴን ሲያለብሳት፣ የጊታሩ ፊት አብጦ ብሪጁን፣ ማለትም ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበትን እንጨት፣ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ክሮቹም ከአንገቱ ስለሚርቁ ለመጫን ጣት ያደክማሉ፣ እርጥበት የጠጣው እንጨትም ስለሚከብድ ድምፁ ይደበዝዛል። በበጋ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፊቱ ሰርጎ ክሮቹ ወደ ፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም ወደተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ ይቀርባሉ፣ ሲመቱም ይንጫረራሉ። አንድ ወዳጄ ጊታሩን በጥር አቀብሎኝ፣ መዳፌን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ባንሸራትት የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ፈተገኝ። ብረቱ አልረዘመም፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ደርቆ ስለጠበበ ነው። ድርቀቱ ከዚህ ካለፈ የሚከተለው መሰንጠቅ ነው። አምራቾች በአብዛኛው የሚመክሩት የአየር አንጻራዊ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ሲሆን፣ ሃይግሮሜትር የሚባለው ትንሽ መለኪያ ይህን ያሳያል።

ሁለቱ የጊታር ዓይነቶች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ነጋዴዎች ሶሊድ ቶፕ የሚሉት ጊታር ፊቱ ከስፕሩስ፣ ከሴዳር ወይም ከማሆጋኒ ሙሉ እንጨት የተሠራ ነው፤ በብዛት የሚታየውም ጎን ለጎን ከተጋጠሙ ሁለት ቁራጮች የሚሠራው ነው። እንዲህ ያለው ፊት በነፃነት ስለሚርገበገብ፣ በለስላሳ ምትና በኃይለኛ ምት መካከል ያለውን ልዩነት አጉልቶ ያወጣል፤ በአምባሰል ቅኝት ቀስ ብሎ የሚመታና ድምፁ እስኪሞት የሚጠብቅ ሰው ጥቅሙን ወዲያው ይሰማዋል። ያንኑ ያህል ግን አየሩን ይሰማል። የኮምፔንሳቶ ፊት በአንጻሩ መስመራቸው እየተጠላለፈ ከተለጠፉ ስስ ንጣፎች የተሠራ ስለሆነ፣ አንዱ ንጣፍ ሊሰፋ ሲል ሌላው ይይዘዋል፤ ስለዚህ እምብዛም አይሰነጠቅም፣ ድምፁ ግን ጠበብና አጠር ያለ ነው። ለምሳሌ የያማሃ ኤፍ 310 ፊት ኮምፔንሳቶ ሲሆን፣ የኤፍጂ 800 ፊት ሙሉ ስፕሩስ ነው፤ የኋለኛው ጎንና ጀርባ ግን ኮምፔንሳቶ ነው። ጎኑም ጀርባውም ሙሉ እንጨት የሆነውን ውድ ጊታር፣ የእርጥበት መጠኑ የተስተካከለ ክፍል ለሌለው ሰው አልመክርም።

ደሴ ቤቱ ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው እንደ ኤፍጂ 800 ያለውን እመርጥለታለሁ፤ ይህም በክረምት ከእርጥብ ግድግዳ አርቆ፣ በበጋ ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ ዘግቶ ለማስቀመጥ ከተዘጋጀ ነው። የሳሙና ማስቀመጫ በስቶ፣ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ ከትቶ ከጊታሩ ጋር ሣጥኑ ውስጥ ማኖር በቂ ነው፤ ውኃ የሚያንጠባጥብ ስፖንጅ ግን ከድርቀቱ የባሰ ይጎዳል። ለኮምቦልቻ ሰውም ምክሬ ከዚህ ብዙ አይለይም። ሠርግ ከሠርግ እየተዘዋወረ ደሴ አምሽቶ ባቲ ለሚያድር ተጫዋች ግን ያለ ማመንታት ኮምፔንሳቶ እላለሁ፤ እርሱም ቢሆን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው የለበትም፣ ምክንያቱም ሙቀቱ ማጣበቂያውን አለስልሶ ብሪጁን ሊያስነሣ ይችላል።

የክሩ ዓይነትም ይታሰብበት። ናይለን ክር ለጣት ለስላሳ ነው፣ አይዝግም፤ ሙቀትና እርጥበት ሲለዋወጡ ግን ቅኝቱ ቶሎ ይዛነፋል። የብረት ክር በላብና በእርጥበት ይዝጋል፣ ድምፁም ይሞታል፤ ቆላ የሚጫወት ሰው ከተጫወተ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይጥረገው። በናይለን ጊታር ላይ የብረት ክር መወጠር ግን ጥፋት ነው፤ የብረቱ ስድስት ክሮች በአንድነት 70 ኪሎ ግራም ገደማ ሲስቡ፣ የናይለኖቹ ጉተታ 40 ገደማ ነው። በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግም፣ በብዙ የናይለን ጊታሮች ላይ ባይኖርም፣ የሚያስተካክለው የአንገቱን ጉብጠት እንጂ ያበጠን ፊት አያስተካክልም።

ሱቅ ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ ማመን አያስፈልግም። የስልክ መብራት በድምፅ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያብሩ፤ በፊቱ ላይ የሚታዩት የእንጨቱ መስመሮች በውፍረቱ ውስጥ ቀጥ ብለው ከወረዱ ሙሉ እንጨት ነው፣ በጠርዙ ላይ እንደ ተነባበረ እንጀራ ንጣፎች ከታዩ ኮምፔንሳቶ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ሶሊድ ቶፕ ተብሎ የተሸጠልኝን ጊታር ቤቴ ካስገባሁ በኋላ ነው፤ ብመለስም ነጋዴው የዋጋውን ልዩነት ሊመልስልኝ አልፈቀደም። ጊታሩ ግን ስድስት የደሴ ክረምት አልፎበት እስካሁን አልተሰነጠቀም።