ቁጡው አዛዥና ምልምሎቹ፦ ለደሴ መድረክ የትኛው ይስማማል?

ደሴ ላይ ስለ ወታደር ቤት አስቂኝ ድራማ ለመጻፍ የሚያስብ ሰው ሁለት የቆዩ የቴሌቪዥን ኮሜዲዎችን አስተያይቶ ቢነሣ ይጠቀማል። አሜሪካዊው «ጎመር ፓይል» እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1969 በ150 ክፍሎች የቀረበ ሲሆን፣ ሳቁ የሚመነጨው ከጯሂው ሰርጀንት ካርተርና ተንኮል ከማያውቀው የገጠር ልጅ ግጭት ነው። ሁለት ጎበዝ ተዋንያን ካሉ መድረኩ ይሞላል።

እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1977 በ80 ክፍሎች የታየው የእንግሊዙ «ዳድስ አርሚ» ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የባሕር ዳር ከተማቸውን ለመጠበቅ የተሰባሰቡ፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ በጎ ፈቃደኞችን ያሳያል። አዛዡ ካፒቴን ሜንዋሪንግ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ በባንክም በጦሩም ለእሱ የሚታዘዘው ሰርጀንት ዊልሰን በትውልድ ስለሚበልጠው፣ የካፒቴኑ ቁጣ ከሥሩ የበታችነት ስሜት አለበት። ሥጋ ሻጩ ጆንስ፣ ቀባሪው ፍሬዘርና የጥቁር ገበያ ነጋዴው ዎከር ደግሞ እያንዳንዳቸው የሙያቸውን ጠባይ ይዘው ይሰለፋሉ።

አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩና አርጎባው የሚገናኙበትን የባቲን የሰኞ ገበያ ለሚያውቅ ወሎዬ እንዲህ ያለው ስብስብ እንግዳ አይሆንበትም፤ ስለዚህ እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ሆኖም ቀልዱ ከሰዎቹ ሙያና ጠባይ እንጂ ከአነጋገር ዘያቸው ወይም ከእምነታቸው መቀዳት የለበትም። የተዋንያኑ ብዛት ወጪ እንደሚጨምር ግን አይካድም።