ባለ 2 ቴራ ብሎ 64 ጊጋ ሸጠልኝ፤ እናንተ እንዳትሸወዱ

ይህን የምጽፈው ገና ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። ያገለገሉ ኤክስተርናል ኤስኤስዲዎችን (በገመድ ኮምፒውተር ላይ የሚሰኩ የፋይል ማስቀመጫ ዲስኮችን) ኦንላይን በጅምላ የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። "ከቢሮ የወጡ ናቸው፣ ብዙም አልተሠራባቸውም፣ ቦታ ስለጠበበኝ ነው" የሚሉትን። ከነሱ ከአንዱ 24 ገዛሁ።

ለቤት ወጪ መደጎሚያ ያገለገለ ማውስ፣ ኪቦርድና ቻርጀር እየገዛሁ መሸጥ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ማውስ ይሰካል፣ ይሠራል ወይም አይሠራም፤ አለቀ። ትርፉ ትንሽ ነው፣ ግን ማንንም አሳዝኜ አላውቅም። ባለቤቴ "የማታውቂውን ዕቃ አትንኪ" ብሎኝ ነበር። አውቀዋለሁ አልኩት።

ያበገነኝም ይኸው ነው። ሰውዬው ከካርቶኑ አንዱን አውጥቶ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካው መጀመሪያ ያየሁት ቁጥሩን ነው። እውነተኛ ባለ 2 ቴራባይት (2,000 ጊጋ) ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 1.81 ብሎ ነው የሚታየው፤ አምራቹ በ1,000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ይቆጥራል። 2.00 ቢል ትቼው እሄድ ነበር። 1.81 አለ። አንድ ፊልም ገልብጦ ከፍቶ አሳየኝ። "እህቴ፣ ሌላም ልሰካልሽ?" አለኝ። ሰካልኝ። ያም 1.81። ከፈልኩ።

ፊልሙ ሲገለበጥ ግን ቀርፋፋ ነበር። አይቼዋለሁ። በሰከንድ 30 ሜጋባይት አካባቢ ይላል፤ ደህና ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ከ400 በላይ ይሄዳል። "ገመዱ አሮጌ ስለሆነ ነው" አለኝና ተቀበልኩት። ይቺን ሳስባት ደሜ ይፈላል። ዓይኔ እያየ ነው የተበላሁት።

9ኙን ሸጥኩ። ትናንት አንዷ ገዢ ይዛው መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን ሥራ ሁሉ፣ የቀዳቻቸውን ቃለ መጠይቆች ሳይቀር፣ እሱ ላይ አስቀምጣ ከላፕቶፗ አጥፍታዋለች። ስሰካው ፎልደሮቹ ሁሉም አሉ። የፋይሎቹ ስም አለ፣ መጠናቸውም ተጽፏል። የመጀመሪያዎቹ ተከፈቱ። ከዚያ በኋላ ያሉት አንዳቸውም እሺ አላሉም። ቢላ አምጥቼ እሷው ፊት ሽፋኑን ፈለቀቅኩት። ውስጡ ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ካርድ አለች፣ በሙጫ ተለጥፋ። ከጎኗ ክብደት እንዲሰጥ የገባ ቁራጭ ብረት። ካርዷ ላይ 64 ጊጋ ይላል። ልጅቷ ምንም አላለችኝም። ብረቱን አንስታ አየችውና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

እሷ እዚያው እንደቆመች ሰውዬው ጋ ደወልኩ። እህቴ ማለቱ ቀርቷል። "ስሚ ሴትዮ፣ ነጋዴ ነሽ አይደል? ነጋዴ አይቶ ነው የሚገዛው። አይተሽ ነው የወሰድሽው።" ከኋላው የሆነ ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። "አንቺም ሽጪያቸውና ተገላገይ" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ቁጥሬን አግዶታል። ማስታወቂያው ግን በሌላ ስም አሁንም አለ፣ ፎቶው ያው ነው።

ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ቁጥር ዲስኩ ስለራሱ የሚናገረው ነው። የመቆጣጠሪያ ቺፑን ፕሮግራም ቀይረው 2 ቴራ ነኝ እንዲል አድርገውታል። 64 ጊጋው እስኪሞላ ድረስ ያለ ችግር ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ወይ የቀድሞውን እየደመሰሰ ይገባል፣ ወይ የትም አይቀመጥም። ስሙ ብቻ ይቀራል። አንድ ፊልም ገልብጦ ማሳየት ምንም ማረጋገጫ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ለማክና ለሊኑክስ ደግሞ ኤፍ3። ዲስኩን ጢም አድርገው ሞልተው መልሰው ያነባሉ። እኔ ባየሁት ፍጥነት 2 ቴራ ለመሙላት ብቻ ከ18 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሻጩ ቆማችሁ እንደማትጠብቁ ያውቃል። ስለዚህ አንድ ብቻ ግዙና ቤት ወስዳችሁ ሞክሩት። ስለ ጅምላው ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ።

ለልጅቷ ገንዘቧን መለስኩላት። ሥራዋን ግን ልመልስላት አልቻልኩም። 15ቱ ዲስኮች ካርቶናቸው ውስጥ ናቸው፣ ከቤት አይወጡም። ከቀሩት 8 ገዢዎች 5ቱን አግኝቻቸዋለሁ። 3ቱ ስልክ አያነሱም። ምንም እንዳትገለብጡበት የሚል መልእክት ልኬላቸው መልስ እየጠበቅኩ ነው።