በወተት ፕሮቲን የተጠቀለለው ቫይታሚን ዲ፦ ጥሩ ነው፣ ግን ጀርባውን አንብቡ

እዚህ አሜሪካ «ቫይታሚን ዲ አንሶሃል» ያልተባለ ሐበሻ በኔ ዙሪያ አላውቅም። በብርዱ ወራት ፀሐይ የለም፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከፀሐይ ቫይታሚኑን የሚሠራው ቀስ እያለ ነው። እኔም የዘይት ጠብታውን ትቼ በወተት ፕሮቲን ደቃቅ ቅንጣቶች የተጠቀለለውንና በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠውን ዱቄት ገዛሁ።

አጠጣጡ በጣም ተመችቶኛል። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በትናችሁ ስታማስሉት ውሃው ነጣ ብሎ ይደፈርሳል እንጂ ላዩ ላይ ዘይት አይሰፍም፣ ብርጭቆው ላይም የሚቀር ነገር የለም። ጠብታው ግን ውሃ ላይ ክብ ክብ ሠርቶ ይንሳፈፍና ግማሹ ብርጭቆው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ቫይታሚን ዲ እንደ ኤ፣ ኢ እና ኬ በስብ እንጂ በውሃ አይሟሟም። ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን ግን ውሃ የሚወድም ውሃ የሚሸሽም ክፍል አለው፤ ሲሰባሰብ የሚሸሸው ወደ ውስጥ ይገባና ቫይታሚኑን ይይዛል፣ ሆድ ውስጥ ፕሮቲኑ ሲፈጭ ይለቀዋል። ኬዚን ቫይታሚኑን መያዝ እንደሚችል በእስራኤል ሃይፋ ከተማ የሚገኘው የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ኋላ በሰው ላይ ሲሞከር ቫይታሚኑን ለሰውነት በማድረስ፣ ዘይትን ከውሃ ከሚያዋህደው ከተለመደው ኬሚካል አላነሰም። አላነሰም ማለት በለጠ ማለት አይደለም፤ እሽጉ ላይ «በእጥፍ ይሠራል» ብሎ መጻፍ ልክ አይደለም።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ፊት ለፊት በትልቁ «ፕሮቲን» ይላል፣ ወተት መሆኑ የተጻፈው ከጀርባ በደቃቅ ፊደል ነው። በሁዳዴ እናቶቻችን ሳያውቁ ፍስክ ሊጠጡ ነው እኮ! ልጁ የወተት አለርጂ ያለበት ሰውማ ከዚህም የባሰ ይገጥመዋል። የምትጾሙ ከሆነ ከአተር ወይም ከበቆሎ ፕሮቲን የተሠራ ፈልጉ። ቫይታሚኑንም እዩ፤ ሁለት ዓይነት ነው፦ ዲ3 በብዛት ከበግ ሱፍ ቅባት ነው የሚወጣው፣ ዲ2 ግን ከእርሾ ወይም ከእንጉዳይ ነው።

ዋጋው ከጠብታው እጥፍ በላይ ነው። ዘይት ያለው ሽሮ ከበላችሁ በኋላ ጠብታችሁን የምትወስዱ ከሆነ ይሄ አያስፈልጋችሁም። ዘይት ለሚያቅለሸልሸው ወይም ኪኒን መዋጥ ለሚያቅተው ሽማግሌ ግን እገዛለሁ። አንዱ ከረጢት 1000 ዩኒት ነው፣ ማለትም 25 ማይክሮግራም፤ እስከ 70 ዓመት ላለ አዋቂ በቀን የሚመከረው 600 ዩኒት ነው፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 800፣ ሐኪም ካላዘዘ 4000 አይታለፍም። ሌላ መልቲቫይታሚን የምትወስዱ ከሆነ የሱንም ደምሩ።