«ሥጋ የለውም» የተባልኩበት አደንጓሬ

ማንኪያዬን ለሦስተኛ ጊዜ አደንጓሬው ውስጥ ስከት የወጣው ቀላ ያለ፣ ክብ፣ መካከሉ ላይ የጮማ ነጠብጣብ ያለበት ስስ ቁራጭ ነበር። መጀመሪያ ካሮት መስሎኝ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት፤ ካሮት ግን ጮማ የለውም። እዚህ ብራዚል ካላብሬዛ የሚሉት የአሳማ ቋሊማ ነበር። ሁዳዴ ከገባ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ ሁዳዴ ባይሆንም እኔ አሳማ አልበላም። ይህም ሁሉ ቀርቶ፣ ከመጨለፌ በፊት ድስቱ አጠገብ ቆሜ፣ አውሮፕላን ውስጥ ሳጠናው ባደርኩት ፖርቱጋልኛ «ሥጋ አለው?» ብዬ አስተናጋጁን ጠይቄ ነበር፤ እርሳቸውም ዓይን ዓይኔን እያዩ «የለውም» ብለውኝ ነበር።

ቤቱ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ቡታንታ በሚባለው ሰፈር፣ ከምማርበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ርቆ የሚገኝ ምሳ ቤት ነው። በደረስኩ በሁለተኛው ቀን ወደዚያ የገባሁት ወድጄ ሳይሆን የተማሪ ካርዴ ገና ስላልወጣ ነው። ካርድ ያለው ተማሪ ባንዴዣው በሚሉት የዩኒቨርሲቲው መመገቢያ በ2 ሬያል (የብራዚል ገንዘብ ነው) ሩዝ፣ አደንጓሬ፣ ሰላጣና ፍራፍሬ፣ ሥጋ ለማይበላም የአኩሪ አተር ወጥ ጠግቦ ይወጣል። ካርድ የሌለው ውጭ ይበላል፤ ውጭ ደግሞ ምግቡ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ሳህን አንሥቶ ከተደረደሩት ትሪዎች የፈለጉትን መጨለፍ፣ ከዚያ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። ሚዛኑ የሳህኑን ክብደት ቀንሶ ግራሙን ያወጣል፤ ግራሙ ኮማንዳ በምትባል ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ወረቀቷን የጣለ ሰው ከበሩ እንዴት እንደሚወጣ እግዜር ይወቅ። የዚህ ቤት ኪሎ 79 ሬያል ከ90 ነው። የእኔ ሳህን 420 ግራም ስለመዘነ 33 ሬያል ከ56 ሳንቲም ተጻፈብኝ፤ በዚህ ገንዘብ ባንዴዣው አሥራ ስድስት ጊዜ መብላት ይቻላል።

ቁራጩን በሹካ ይዤ ወደ አስተናጋጁ ሄድኩ። ጠና ያሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ነጭ ሽርጥ የታጠቁ ሰው ናቸው። አሳየኋቸው። ጠጋ ብለው ተመለከቱና፣ በዕቃቸው ላይ ያለ አግባብ እንከን እንደወጣበት ነጋዴ ቅር እየተሰኙ፣ «ይህ እኮ ሥጋ አይደለም፤ ካላብሬዛ ነው። ጣዕም እንዲሰጠው ነው» አሉኝ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ ሳህኑን ልቀይርልህም አላሉም። እንኳን ልመልስላቸው፣ በቅጡ የምቆጣበት ቃል እንኳ በፖርቱጋልኛ አልነበረኝም። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ፣ የአደንጓሬው መረቅ ያልነካውን ሩዝ ከዳር ከዳር ለቅሜ በላሁና ሙሉውን ሒሳብ ከፈልኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ደግሞ ደረሰኙ ላይ የግብር ከፋይ ቁጥሬ እንዲገባ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እዚህ ከተማ ይህ ጥያቄ ዳቦ ሲገዛም አይቀርም፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አሥራ አንድ አሃዝ ያለው ያ ቁጥር ሊኖረኝ ቀርቶ ስለ ምን እንደምትጠይቀኝም አልገባኝም ነበርና፣ ስለ አደንጓሬው የጠየቀችኝ መስሎኝ «በጣም መጥፎ ነው» ብዬ ወጣሁ።

በዚያው ማታ ይህን ግምገማ ጽፌው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። በማግስቱ ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ብራዚላዊት ነገሩን ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ካርኒ የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላት ሥጋ ቢባልም፣ በምሳ ቤት አፍ የከብት ሥጋ ማለት ነው አለችኝ፤ ዶሮው ዶሮ ነው፣ ቋሊማው ቋሊማ ነው፣ የአሳማ ጮማውም ማጣፈጫ ነው። ሰውየው አልዋሹኝም ማለት ነው። በሀገራችን «የጾም ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሥጋውን፣ ቅቤውን፣ ወተቱን፣ ዕንቁላሉን ሁሉ ጠይቆ ጨርሷል፤ የምግብ ቤቱ ልጅም «አዎ፣ የጾም ነው» ካለ ጭልፋው የፍስክ ድስት አለመንካቱን ጭምር መመስከሩ ነው። እኔ ያንን ሁሉ በአንዲት ካርኒ ላይ ጭኜ ነበር የጠየቅሁት። ልጅቷም መፍትሔ ሰጠችኝ፦ «ቬጋኑ ነኝ በል»፤ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር አልበላም ማለት ነው። እናቴ ብትሰማ ምን ትል እንደነበር አላውቅም፤ ብቻ ረቡዕ ዕለት ቬጋኑ ሆኜ ተመለስኩ።

ረቡዕ በዚህ ከተማ የፌይዦአዳ ቀን ነው፤ ቅዳሜም እንዲሁ። በሌላው ቀን ሳኦ ፓውሎ የሚበላው ቡናማው አደንጓሬ ነው፤ ረቡዕ ግን ጥቁሩ አደንጓሬ ከደረቀ ሥጋ፣ ከአሳማ ጆሮ፣ ከጅራትና ከእግር ጋር ለሰዓታት ተቀቅሎ፣ በሸክላ ድስት ውስጥ እየተንተከተከ ይወጣል። ሌላው ተመጋቢ በደስታ ሲጋፋ እኔ ትሪዎቹን እንደ ጉምሩክ ፈታሽ አንድ በአንድ እየመረመርኩ አለፍኩ። አስተናጋጁ አወቁኝ። «ቬጋኑ ነኝ» ስላቸው ፊታቸው ተፈታ፤ ከቋንቋዬ ሁሉ የገባቸው የመጀመሪያው ቃል እርሱ ነበር። ወደ ማእድ ቤቱ መስኮት ጠሩኝና እዚያ ለነበሩት ሴት አንድ ነገር ተናገሩ።

ሴትዮዋ ያደረጉትን ቆሜ ተመለከትኩ። ከጎመን ክምር ስድስት ሰባት ቅጠል አንሥተው የመካከሉን ወፍራም አገዳ በቢላ አወጡ፤ ቅጠሎቹን አነባብረው እንደ ጃኖ አጥብቀው ጠቀለሉና ከጫፉ ጀምረው መክተፍ ያዙ። ቢላው ከጣታቸው ጥፍር ሳይርቅ ሲወርድና ሲወጣ የሚወድቀው ጎመን እንደ ፈትል የቀጠነ ነበር። ከዚያ መጥበሻ ላይ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት አደረጉ፤ ሽታው ሲነሣ ጎመኑን ጨመሩበት፣ ጨው ነሰነሱ፣ ሁለት ጊዜ አገላበጡና አወጡት። አንድ ደቂቃ አልሞላም። እኛ ጎመን እስኪታክተው ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ እንደገና በቁሌት አብስለን ነው የምናቀርበው፤ በዚያ አልጸጸትም። ነገር ግን ይህኛው ገና አረንጓዴነቱ ሳይለቅ፣ ጥርስ ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ጫፉ ላይ ቀላ ብሎ ሲቀርብ፣ ጎመንን ዕድሜዬን ሙሉ ስበላው ኖሬ አላወቅሁትም ነበር አልኩ። ከነጭ ሩዝና ለፌይዦአዳ ተብሎ ከተቆረጠ ብርቱካን ጋር በላሁት። ፋሮፋ የሚሉትንም፣ በሶ ሳይበጠበጥ ሳህን ላይ የተነሰነሰ የሚመስለውን የካሳቫ ዱቄት፣ ልጨምር ስል ሴትዮዋ በመስኮቱ ጣታቸውን አወዛወዙብኝ፤ ለካስ በቅቤ የተቆላ ነው። ትናንት ካላብሬዛ ያበላኝ ቤት ዛሬ ከቅቤ ጠበቀኝ።

ዓርብ ግን አስተናጋጁ እንደገና አስቸገሩኝ። በደረሰን ቋንቋ እየተረዳዳን የምጾመው ስለ ጤና ሳይሆን ስለ ፋሲካ መሆኑን ስነግራቸው «አሃ፣ ኳሬዝማ!» ብለው ትከሻዬን መቱ፤ እርሳቸውም ለካ ዐቢይ ጾም ያውቃሉ። ወዲያውም እጄን ይዘው ወደ ዓሣው ትሪ ወሰዱኝ፤ የእርሳቸው ጾም ዓርብ ሥጋ ትቶ ዓሣ መብላት ነው። በሁዳዴ ዓሣ እንደማንበላ ለማስረዳት ስሞክር በቅንነት እያዘኑልኝ «ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም» አሉ፤ በዚህ እንኳ እውነታቸውን ነው። ስለ ሰውየው የነበረኝ ቅሬታ ያን ዕለት ጠፋ።

ስለ ዋጋው ያለኝ ቅሬታ ግን አብሮ አልጠፋም፤ እንዲያውም ጠነከረ። ሚዛን ጎመንና ሥጋ አይለይም። ከአጠገቤ የነበረው ወጣት ሳህኑን በጥብስ ሞልቶ በኪሎ 79 ከ90 ይከፍላል፤ እኔም በአንድ ሬያል እፍኝ ለሚገኝ ሩዝ ያንኑ እከፍላለሁ። አዲስ አበባ የጾም በያይነቱ ከፍስኩ በርካሽ የሚሸጠው ማንም ስላዘነልን ሳይሆን ምስር የምስር ዋጋ ስላለው ነው። ቤቱ ሥጋ ለማይበሉ ሰዎች ዝቅ ያለ የኪሎ ዋጋ ቢያወጣ ምን ይጎድልበታል? ብልሃቱን ለሚፈልግ ግን አንድ ነገር ልንገር፦ ሩዝ ውኃ ይይዛል፣ ብርቱካን ከነልጣጩ ይመዘናል፣ ጎመን ግን ሳህን ሞልቶ እንኳ ክብደቱ ትንሽ ነው።

ቡናው ነጻ ነው። በሩ አጠገብ ፔርሙዝና የላስቲክ ሲኒዎች ተቀምጠዋል፤ የከፈለ ሁሉ ቀድቶ ይወጣል። ብራዚል በቡና ምርት ከዓለም አንደኛ መሆኗን እያሰብኩ ቀዳሁና አንዴ ጎንጨት አልኩ፤ ስኳሩ ፔርሙዙ ውስጥ ተጨምሮ ያለቀ፣ ሽሮፕ የመሰለ ነገር ነው። በነጻ ስለተሰጠኝ ብዙ አልናገርም፤ ሲኒውን ግን አልጨረስኩትም።

የእጅ ሰዓቴን ከቦሌ እንደመጣ ትቼዋለሁ። ሳኦ ፓውሎ ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች በእኛ አቆጣጠር የሞላሁት ሰዓት እዚህ ሳይነካ ልክ ይሆናል፤ 12 ሲል እዚህ ምሳ ነው፣ ሆዴ ግን ገና በአዲስ አበባ ነውና እራት ይላል። ካርዴ ሰኞ እንደሚደርስ ተነግሮኛል፤ ከዚያ በኋላ ባንዴዣው በ2 ሬያል እበላለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ግን እዚያ መስኮት ሥር ቆሜ 300 ግራም ጎመን፣ ጎመን ብቻ፣ ማስመዘኔ አይቀርም፤ 23 ሬያል ከ97 ሳንቲም፣ ያናድዳል።