ከሐምሌ እስከ ጥር፦ ለዱር አሳማ የገዛሁት የሶላር አጥር እንዴት ነው?

ለቸኮለ ሰው ውጤቱን አስቀድሜ ልናገር። አጥሩ፣ ማለት ከፀሐይ ኃይል እያገኘ የነካውን አውሬ በኤሌክትሪክ የሚነዝረው ሽቦ፣ ይሠራል። ለዱር አሳማ ይሠራል፣ ለጃርት ብዙም አይሠራም፣ ለዝንጀሮ ጨርሶ አታስቡት። ዋጋው የሁለት ደህና ሙክት ያህል ነው። በብር ብነግራችሁ ጽሑፉን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይቀየራል። «ገዝቼ፣ ሰቅዬ፣ ተኝቼ ልደር» ለሚል ሰው ግን አይሆንም።

ማሳዬ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ከየጎፍ ተራራ ግርጌ ነው። ግማሹ ማሽላ ነው። የቀረው በቆሎ፣ ስኳር ድንችና ትንሽ ሽንኩርት። ከላይ ደኑ አለ፣ ከደኑ እስከ ማሳው ቁጥቋጦ ነው። አሳማ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል?

ከመግዛታችሁ በፊት የሚበላችሁ የትኛው አውሬ እንደሆነ እወቁ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ከርከሮ የቀን እንስሳ ነው። ተንበርክኮ ሣር ይግጣል፣ ሲመሽ አዋልዲጌሳ ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ ያድራል። የዱር አሳማው ሌላ ነው። ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ሲጨልም በመንጋ ሆኖ ይወርዳል። የበቆሎውን አገዳ ጥሎ እሸቱን ይበላል፣ ስኳር ድንቹን ደግሞ ምሶ ያወጣል። ጠዋት ስትደርሱ መሬቱ በሬ ያረሰው ይመስላል። የእኔ ጠላት ይኼኛው ነው። ቀን ላይ የሚያጠቃችሁ ከሆነ ምናልባት አንድ ልጅና አንድ ውሻ ይበቃችኋል፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ስልክ ላይ የምታገኙት ምክር አብዛኛው ስለ አሜሪካና አውስትራሊያ አሳማ ነው። እነዚያ ከሰው እጅ አምልጠው የዱር የሆኑ የቤት አሳማዎች ናቸው። አሜሪካ የገቡት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከስፔኖች ጋር ነው። እዚያ አንዱን መተኮስ ብዙም እንደማይረዳ አውቀዋል። የተረፈው መንጋ ይበተናል፣ ይጠነቀቃል፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ይራባል። ስለዚህ ትልቅ በረት ሠርተው፣ በቆሎ ነስንሰው፣ መንጋው በሙሉ እስኪገባ በካሜራ እያዩ በሩን ከሩቅ ይዘጉታል። ብልሃቱ ደስ ይላል። ግን እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ አይቀምስም። በረት ሙሉ አሳማ ይዤ ምን ላደርገው ነው?

ሌላም ነገር አለ። የእኛው የዱር አሳማ የአገሩ አውሬ ነው እንጂ ከሰው በረት ያመለጠ አይደለም። በአገሪቱ ሕግ መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይታደንም። ሌሊት ተኩስ ማሰማት ደግሞ በአሁኑ ጊዜ ሌላ ጣጣ ነው። መርዝ የሚያደርጉም አሉ። መርዙ አሳማው ላይ አያበቃም፤ ውሻውንም፣ ጅቡንም፣ ጥንብ አንሳውንም ይጨርሳል። ስለዚህ የቀረኝ ማጠር ነበር። እሾህ ብቻውን አልያዘልኝም፣ አፍንጫውን ከሥር አስገብቶ ያነሳዋል።

ዕቃው እንዲህ ነው። አንድ ሳጥን፣ ውስጡ 12 ቮልት ባትሪ፣ አናቱ ላይ የደብተር ስፋት ያላት ሶላር። ቀጫጭን የብረት ክር የተሸመነበት ነጭ የፕላስቲክ ገመድ በጥቅል፣ የአጥሩ ሽቦ የምለው እሱን ነው። ገመዱ እንጨቱን እንዳይነካ የሚይዙ ፕላስቲኮች። መሬት ውስጥ የሚቀበር አንድ አጭር ብረት፣ የመሬት ብረት የሚባለው። ሳጥኑ በየሰከንዱ ገደማ አንድ ምት ይልካል፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ቮልቱ በሺዎች ነው፣ ግን የሚቆየው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ላነሰ ጊዜ ነው። ለዚህ ነው ክፉኛ ነዝሮ የማይገድለው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «10 ኪሎ ሜትር» ተጽፏል። አትመኑት። ያ አንድ ሽቦ፣ አንድም ሣር ሳይነካው የሚሄድበት ርቀት ነው። ማየት ያለባችሁ ጁል የሚለውን ቁጥር ነው፣ የምቱ ጉልበት የሚለካው በእሱ ነው። የእኔው ግማሽ ጁል ነው፣ ለእንደኔ ዓይነቱ ማሳ በቂ ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የዚህ አጥር ነፍሱ ያለው ሽቦው ላይ ሳይሆን መሬት ውስጥ ነው። አሳማው ሽቦውን ሲነካ ምቱ በአሳማው አልፎ፣ በእግሩ ወርዶ፣ በአፈሩ ውስጥ ተጉዞ በመሬቱ ብረት በኩል ወደ ሳጥኑ መመለስ አለበት። ወፍ ሽቦው ላይ ተቀምጣ ምንም የማትሆነው መሬት ስለማትነካ ነው። አብሮ የመጣው ብረት አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። በእሱ ብቻ ቴስተሩ፣ ማለት የሽቦውን ቮልት የምለካበት ዕቃ፣ ከ2,000 ቮልት ፈቅ አላለም። ከ4,000 በታች ለአሳማ መዥገር እንደማራገፍ ነው። ከተማ ወርጄ ጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ አስቆረጥኩ። ሦስቱን ከቁመቴ በማያንስ ጥልቀት፣ አራርቄ፣ እርጥበት በማይጠፋው የመስኖ ቦይ ዳር ቀበርኳቸውና በሽቦ አያያዝኳቸው። ቴስተሩ 6,000 አለፈ። ሻጩ ይህን አልነገረኝም። እዚያው ሳለን ስለ ሻጩ፦ ዋስትና አለው ብሎኝ ነበር፣ ብሩን ከተቀበለ በኋላ ግን ስልክ አያነሳም።

ከፍታውም ወሳኝ ነው። የታችኛው ሽቦ ከመሬት አንድ ስንዝር፣ ሁለተኛው ጉልበት ላይ፣ ሦስተኛው ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ። አሳማ አይዘልም፣ ከሥር ይገፋል። በአፍንጫው ከነካው ወደ ኋላ ይሸሻል። ሳያየው እየሮጠ መጥቶ ትከሻው ላይ ካገኘው ግን ወደ ፊት ጥሶት ይሄዳል። ስለዚህ በአፍንጫው እንዲተዋወቀው ማድረግ አለባችሁ። እኔ ባዶ ጣሳ ሽቦው ላይ በሽቦ አሰርኩና የጠላ አተላ ቀባሁት። ሽታው ሩቅ ይሄዳል። በማግስቱ ከጣሳዎቹ ሥር ያለው ዱካ አንድ ቦታ ላይ ተተራምሶ ወደ ቁጥቋጦው ይሮጣል። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ጎረቤቶች መጀመሪያ ፈርተው ነበር። ወሰንተኛዬ የሆኑ አባት መጥተው ሳጥኑን ዞር ዞር ብለው አዩት። «አንተ ልጅ፣ እኛ ቤት ያልገባ መብራት ለእርያ ገባለት?» አሉኝ። «አብሽሩ አባቴ፣ የሚገድል አይደለም» አልኳቸው። አላመኑኝም። ያሳመኗቸው እረኞቹ ናቸው፣ ተወራርደው በእጃቸው ነኩት። ላሞቹም አንዴ ቀምሰው ሁለተኛ አልተጠጉም። ቢሆንም ማስጠንቀቂያ ምልክት ስቀሉ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ንገሩ። አንድ ነገር ግን በጭራሽ እንዳታደርጉ። ሳጥን መግዛት ውድ ነው ብላችሁ የቤቱን 220 ቮልት ቀጥታ ሽቦ ላይ አትልቀቁ። ያ አጥር አይደለም፣ የሰው መግደያ ነው።

ክረምቱ አስቸጋሪ ነው። አፈሩ እርጥብ ስለሆነ መሬቱ በደንብ ይሠራል፣ ሣሩ ግን አያስቀምጥም። እርጥብ ሣር የታችኛውን ሽቦ ከነካ ጉልበቱ ሁሉ በሣሩ በኩል ወደ መሬት ይፈሳል። ነሐሴን ያሳለፍኩት ማጭድ ይዤ ሽቦ ሥር ተጎንብሼ ነው። ደመናው ሲደራረብም ባትሪው ይደክማል፣ ጠቅታው ይዘገያል። ጠቅታው ከተራራቀ ሶላሯን ጥረጉ፣ ካልሆነም ባትሪውን ከተማ ወስዳችሁ አስሞሉ።

ፈተናው መስከረም ላይ በቆሎው እሸት ሲይዝ መጣ። ዱካቸው እስከ ሽቦው ይደርስና ዞሮ አጥሩን ይዞ ይሄዳል። ክፍተት ፍለጋ ነው። አገኙም። ቦዩ ከአጥሩ ሥር በሚያልፍበት ቦታ መሬቱ ዝቅ ስለሚል ከሽቦው በታች ሰፊ ቀዳዳ አለ። በዚያ ገብተው ጥግ ላይ ያለውን በቆሎ በሉት። ተጨማሪ ሽቦ ወደ ታች አንጠልጥዬ ዘጋሁት፣ ከዚያ ወዲህ አልገቡም። አጥራችሁን ስትጨርሱ በአሳማ ቁመት ሆናችሁ ዙሩት።

ኅዳር ሲገባ ሌላ መልክ አመጣ። የእኛ ዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በደረቅ አፈር ላይ የቆመ አሳማ የሚነዝረው እምብዛም ነው፣ ምቱ የሚመለስበት መንገድ የለውማ። መፍትሔው ቀላል ነው። መካከለኛውን ሽቦ ከምቱ አላቅቄ ከመሬት ብረቶቹ ጋር አገናኘሁት። አሁን አሳማው ለመግባት ሲታገል ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ከነካ፣ መሬቱ ደረቀ አልደረቀ ያገኘዋል። ማሽላው እስኪታጨድ በዚህ ቆየ።

ውጤቱ? አምና ከበቆሎው የተረፈኝ ለቤት የሚጠበስ እሸት ነበር። ዘንድሮ ከዚያች ጥግ በቀር ሁሉንም አስገብቻለሁ። ማማ ላይ ማደር ቀርቷል። ልጆቹ ሌሊት ጣሳ ሲደበድቡ አድረው ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፉት ነገርም ቀርቷል፣ ለእኔ ከበቆሎው የሚበልጠው እሱ ነው። ቀን ግን ለወፍ ወንጭፍ ይዞ መቆም እንዳለ ነው።

ጃርት ስኳር ድንቹን በልቶብኛል። እሾሁ ሽቦውን ከሰውነቱ ያርቅለታል፣ ከሥር ሸርተት ብሎ ያልፋል። ዝንጀሮ ደግሞ እንጨቱን ይዞ ይዘላል፣ ስድብም የሚጨምር ይመስለኛል።

ዕቃው ራሱ እንዴት ሰነበተ? ሳጥኑ ደህና ነው። ፕላስቲክ መያዣዎቹ በፀሐይ እየተሰነጠቁ ነው፣ ከቆራረጥኩት የውሃ ጎማ ተክቼላቸዋለሁ፣ እንዲያውም ይሻላል። ነጩ ገመድ ውጪው ሙሉ መስሎ ውስጡ ያለው ክር ይበጠሳል፤ ቴስተር ከሌላችሁ አታገኙትም። ስለዚህ ከሳጥኑ ጋር ቴስተር ሳትገዙ አትውጡ።

ማሳው ለቤት ቅርብ ለሆነ፣ በቆሎ ወይም አትክልት ለሚያለማ ሰው ግዙ እላለሁ። ማሽላው እዚህም እዚያም ለተበታተነበት ሰው አልመክርም፣ ሽቦውን ማን ዞሮ ያየዋል? ሳጥኑም ሊሰረቅ ይችላል።

እኚያ ወሰንተኛዬ አሁን ለበልጉ የእሳቸውንም ማሳ ከእኔው ሳጥን ላይ ልቀጥልላቸው ይፈልጋሉ። ሣሩ ከታጨደ ግማሽ ጁሉ ለሁለታችንም ይበቃል። ሽቦና እንጨት እሳቸው ሊገዙ ተስማምተናል። የወሰኑን ሣር ማን ያጭዳል በሚለው ላይ ግን ገና እየተከራከርን ነው።