የመኪናዬን የፊት መብራት ላስተካከሉልኝ ባለሙያ ምስጋና

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የዘገየሁት ሥራቸውን በዝናብም በጭጋግም ነድቼ ለማየት ስለፈለግሁ ነው። አሁን አይቼዋለሁና ሙሉ ልቤን ይዤ እመሰክራለሁ።

መኪናዬ አሮጌ ናት። የፊት መብራቷ ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዶ ማታ መንዳት ጭንቅ ሆኖብኝ ነበር። «ዜኖን አስገባበት» (በጋዝ የሚሠራውን ደማቅ አምፖል ማለታቸው ነው) የሚለኝ ሰው ሲበዛ ሁለት አምፖል፣ ሁለት ባላስት (ለዜኖኑ ከፍተኛ ቮልት የሚፈጥር ሳጥን) እና ሽቦ በአንድ ካርቶን ገዛሁ። የመጀመሪያው ጋራዥ በግማሽ ሰዓት ገጥሞ ሰጠኝ፤ የቀድሞውን፣ በሚግል ቀጭን ክር የሚያበራውን የሃሎጅን አምፖል አወጣ፣ በቦታው ዜኖኑን ሰካ፣ ባላስቶቹን በፕላስቲክ ማሰሪያ አንጠለጠለ። ግድግዳ ላይ ሳበራው ሌሊቱ የነጋ መስሎኝ ደስ እያለኝ ወጣሁ።

ደስታዬ አንድ ምሽት እንኳን አልዘለቀም። እኔ የማበራው አጭሩን መብራት ሆኖ ሳለ ከፊት ለፊቴ የሚመጣው ሁሉ ረጅሙን እያበራ ያስጠነቅቀኛል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ከፊቴ የሚታየኝ ነጭ መጋረጃ ነው፤ መንገዱ የለም። አንድ ማታ ታናሽ ወንድሜ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲመጣ ተላለፍን። ቤት ስንገናኝ «ያ ዓይኔን ያጠፋው መኪና ያንተ ነበር?» አለኝ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወደ እኚህ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የመራኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ አነጋገራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ወንበር አመጡና ከመኪናዬ ፊት ለፊት ራቅ አድርገው አስቀመጡት። «ልጄ፣ እዚህ ቁጭ በል። የሾፌር ዓይን የሚያርፈው በዚህ ከፍታ ነው» አሉኝ። ከዚያም ገብተው አጭሩን መብራት አበሩት። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ሲያጠፉትም ሁለት ሐምራዊ ክቦች በዓይኔ ውስጥ ሲንሳፈፉ ቆዩ። «ረዳቴን አየኸው?» ብለው ጠየቁኝ። አላየሁትም። ልጁ ግን ያን ጊዜ ሁሉ ከመኪናው መብራት አጠገብ ቆሞ ነበር። «እሱ መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛ ቢሆንስ?» ሲሉኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ያስረዱኝ። የሃሎጅን መብራት አንጸባራቂ (ከአምፖሉ ጀርባ ያለው፣ ብርሃኑን ወደ መንገዱ የሚመልሰው ሳህን) የሚቀረጸው በአምፖሉ ውስጥ ላለው ክር ነው፤ ክሩ የሚቀመጥበት ቦታ በሚሊሜትር ክፍልፋይ ይለካል። ዜኖን ክር የለውም። ብርሃኑ የሚወጣው በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል፣ በጋዝ ውስጥ ከሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ቅስት ነው፤ ቅርጹም ሌላ፣ የብርሃኑ ስርጭትም ሌላ። መጠኑም አለ። ኤች 7 የተባለው 55 ዋት የሃሎጅን አምፖል 1500 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ሲሰጥ፣ ዲ 2 ኤስ የተባለው 35 ዋት ዜኖን 3200 ያህል ይሰጣል። ያ ሁሉ ብርሃን ላልተሠራለት አንጸባራቂ ሲሰጥ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ሰው ዓይን ይበተናል። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 48 መሠረት ከ2000 ሉመን በላይ የሆነ አጭር መብራት ከፍታውን በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያና የመብራት ማጠቢያ እንዲኖረው የሚጠየቀው ለዚሁ ነው። የእኔ መኪና ሁለቱም የላትም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን 8000 ኬልቪንም (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አሳዩኝ። የፋብሪካ ዜኖን ወደ 4300 ይጠጋል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ የሚጠቅመው ብርሃን ግን አይጨምርም። ባላስቱ ሲነሳ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ እንደሚተኩስ ነግረውኝ፣ በመጀመሪያው ጋራዥ የታሰረው ሽቦ በሞተሩ ንዝረት ከብረት ጋር እየተፋተገ ልባሱ የተላጠበትን ቦታ አሳዩኝ።

የፈለግሁትን ገጥመው ገንዘባቸውን መቀበል ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ዜኖኑን አውጥተው የመለኪያ መሣሪያቸውን አነሱ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት አለ፤ የሃሎጅኑ አምፖል ሶኬት ላይ ግን 12.1 ብቻ። «ይኸው ሌባው!» አሉ አሮጌውን ሽቦ እያሳዩ። በሃሎጅን ላይ ቮልቱ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ለካስ እኔ ለዓመታት አምፖሉን ስከስ የኖርኩት ያለ ጥፋቱ ነበር። ከባትሪው በፊውዝና በሪሌይ (በትንሽ ኮረንት ትልቁን በሚያበራ ማብሪያ) በኩል አዲስ ወፍራም ሽቦ ዘረጉ፤ የዛገውን የመሬት ማሰሪያ (ኔጌቲቩን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘውን) ፈትተው ብረቱ እስኪያበራ አሸት አሸት አድርገው መልሰው አሰሩት። ቢጫ የሆነውን የመብራት ፕላስቲክ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው እያዘዋወሩ ጠርገው፣ ከፀሐይ የሚከላከል ቅብ ቀቡት። አዲሱን አምፖል ሲያስገቡ መስታወቱን በጣታቸው አልነኩትም። የጣት ቅባት መስታወቱን በአንድ ቦታ አብዝቶ እንዲግል ያደርገዋልና በንጹሕ ጨርቅ ይዘው ነው የሰኩት። እንደገና ሲለኩ 13.5 ሆነ።

የመጨረሻውን ሥራ ሳልገልጸው ማለፍ አልችልም። ሲመሽ መኪናውን ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀት ላይ፣ በደልዳላ መሬት አቆሙ። የጎማውን አየር ለኩ፤ እኔንም ሾፌር መቀመጫ ላይ አስቀመጡኝ። የአምፖሉን መሃል ከፍታ በግድግዳው ላይ በኖራ ምልክት አደረጉና የብርሃኑ ጠርዝ ከዚያ በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ የማስተካከያውን ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ሩብ ዙር ያዞሩት ጀመር። አንዱን መብራት ሲያስተካክሉ ሌላውን በጨርቅ ይሸፍናሉ። አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው፤ አንድም ጊዜ አልቸኮሉም።

የዜኖኑን ካርቶን ሲመልሱልኝ «ለሌላ ሰው እንዳትሸጠው» ብለው አደራ አሉኝ። አልሸጥኩትም።

አሁን ጉድጓዱን ከሩቅ አየዋለሁ፤ የመንገዱ ዳር ይታየኛል፤ በእነዚህ ሦስት ሳምንታት መብራት ያበራብኝ አንድም ሾፌር የለም። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለለመኑኝ አልጠራውም፤ የመብራት ችግር ያለበት ሰው ለብቻው ቢጠይቀኝ ግን እሳቸው ዘንድ ራሴ አደርሰዋለሁ። ዜኖን የግድ የሚፈልግ ሰውም ይሂድ፤ ለዜኖን ተብሎ የተሠራ ሙሉ መብራት ከነከፍታ ማስተካከያው ካመጣላቸው ይሠሩለታል፤ ባዶ አምፖልና ባላስት ይዞ ከሄደ ግን ወንበሯ ላይ ያስቀምጡታል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ቅዳሜ ለቁጥጥር እንድመለስ ባሉኝ መሠረት እመጣለሁ። ወንድሜም መኪናውን ይዞ አብሮኝ ይመጣል።