ኦቢኤስ ወይስ ቪሚክስ? ካሜራዎች በኔትወርክ ገመድ ሲመጡ

እንደ ኦቢኤስና ቪሚክስ ያለ የቀጥታ ስርጭት ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። እኔ ግን በመጀመሪያ ካሜራዎቹንና ኮምፒውተሩን በገመድ የሚያገናኘውን ስዊች አሳዩኝ እላለሁ። ካሜራዎቹ በኤንዲአይ፣ ማለትም በኔትወርክ ገመድ ምስል የሚልኩ ከሆነ፣ አንድ ባለ1080ፒ ካሜራ በ60 ፍሬም ብቻውን በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት በላይ ይፈጃል። የ100 ሜጋቢት አሮጌ ስዊች አንዱንም አይችልም፤ የ1 ጊጋቢቱ አራት አምስቱን ሳይጨነቅ ያሳልፋል። ኤችኤክስ የተባለው ይበልጥ የታመቀ የኤንዲአይ ዓይነት በጣም ያነሰ ይወስዳል፣ ምስሉ ግን ትንሽ ይዘገያል። በዋይፋይስ? አንድ ሠርግ ላይ ሞክሬው ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ምስሉ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ገመድ ተሸክሜ ነው የምሄደው።

ኦቢኤስ ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ማክ ብቻ ያለው ሰው ከሁለቱ መምረጥ የሚችለው ኦቢኤስን ብቻ ነው። ኤንዲአይ ግን አብሮት አይመጣም፤ ዲስትሮኤቪ የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል። ኦቢኤስ ሲታደስ ይህ ተጨማሪ ሊያኮርፍ ስለሚችል በዝግጅት ዋዜማ ማደስ አይመከርም።

የአውስትራሊያው ቪሚክስ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው፤ ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድም ይፈልጋል። ኤንዲአይ ከውስጡ ስላለ ካሜራው ገመዱ እንደተሰካ በዝርዝሩ ላይ ይታያል። የኤችዲ እትሙ 350፣ የ4ኬው 700፣ ፕሮው 1,200 ዶላር ነው፤ አንዴ ተከፍሎ የራስ ይሆናል፣ ማሻሻያው ግን በነጻ የሚመጣው ለአንድ ዓመት ነው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው ሰው ይህ ራሱ አንድ ፈተና ነው።

ታዲያ ገንዘቡ ምን ይገዛል? ለጸሎት ስርጭትና ለስብሰባ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አይገዛም፤ ኦቢኤስ ይበቃል። ኳስ የሚያስተላልፍ ግን ጎሉን በዝግታ ደግሞ ማሳየት አለበት፤ የቪሚክስ ምልሰት ከ4ኬው እትም ይጀምራል። ሠርግ የሚቀርጽ ሰውም የእያንዳንዱን ካሜራ ምስል ለየብቻ መቅዳት ይፈልጋል፣ ቀጥታው ላይ የተሳተው በኋላ የሚጠገነው በዚያ ነውና። ለዚህም 4ኬው ያስፈልጋል። 350ው ከሩቅ ያለ አንድ እንግዳ በጥሪ ለማስገባት ለሚፈልግ ነው።

ቪሚክስ ለ60 ቀን በነጻ ይሞከራል። ሁሉንም ካሜራ ሰክታችሁ፣ ቀረጻውንም ከፍታችሁ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ አሠሩት።